ፍሬን፣ ያዝ

ኳስ መጫወት አልችልም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወደ ታች ስትወርዱ "ምነው ቀድሞ ቢነግረን" እንዳትሉኝ ነው። አለመቻሌንም በደፈናው ሳይሆን በዝርዝር አውቀዋለሁ። ቀኝ እግሬ የሚያገለግለኝ ለመቆም ብቻ ነው። በግራ እግሬ ኳስ እመታለሁ፤ ወዴት እንደመታሁት ግን እኔም እንደ ተመልካቹ ኳሱ ካረፈ በኋላ ነው የማውቀው። በግንባሬ ስገጭ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሩጫዬን በተመለከተ፣ አንድ ጊዜ መስመር ይዤ ስሮጥ ያየኝ መንገደኛ ዕቃ የተሸከምኩ መስሎት ሊያግዘኝ ተነሥቷል።

እንዲህም ሆኖ ከወሰን እስከ እንጦጦ ግርጌ ባሉት ሰፈሮች ስሙ በዜማ የሚጠራ ተጫዋች አንድ ብቻ ነው። እኔ ነኝ። ጎል የሚያገባልን ልጅ አለ፤ ሲያገባ ይጨበጨብለታል። እኔ ኳስ ከሜዳ ሳስወጣ ግን ሰው ከመቀመጫው ይነሣል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ብዙ አስቤበታለሁ። ለማስረዳት ከሜዳው መጀመር አለብኝ።

ሜዳችን ከወሰን ሽቅብ ሲወጣ፣ ባህር ዛፉ ከመጀመሩ በፊት ያለ ገላጣ ነው። ሜዳ እንበለው እንጂ ተዳፋት ነው። የላይኛው መስመር ከታችኛው በሦስት ሜትር ከአርባ ከፍ ይላል። ግምት አይደለም፤ በውሃ ልክና በሲባጎ ለክቼዋለሁ። ከታችኛው መስመር ቀጥሎ አስፋልቱ አለ። ከአስፋልቱ ማዶ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ወንዝ። እኔ የግራ ተመላላሽ ነኝ። በመጀመሪያው አጋማሽ የእኔ መስመር የላይኛው ስለሆነ የጠለዝኩት ኳስ ባህር ዛፍ ነክቶ በራሱ ጊዜ ተንከባሎ ይመለሳል። ከዕረፍት በኋላ ቦታ እንቀያየራለን፤ የእኔ መስመር የታችኛው ይሆናል። ስለዚህ እስከ ዕረፍት ድረስ ደህና ተጫዋች ነኝ፤ ከዕረፍት በኋላ የትራፊክ ችግር ነኝ።

የሜዳው ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ያወጣ ያመጣል። ማን እንደደነገገው አይታወቅም። ሌሎቹ ተጫዋቾች ኳስ ሲያወጡ ካልሲያቸውን ያስተካክላሉ፣ ሰማይ ያያሉ፣ የታኬታቸውን ክር ፈትተው እንደገና ያስራሉ፤ እስከዚያ ሌላ ሰው ሄዶ ያመጣላቸዋል። እኔ እሄዳለሁ። ደብተር አለኝ። እስከ ዋንጫው ጨዋታ ዋዜማ ድረስ በዚህ ውድድር አርባ ስድስት ጊዜ አውጥቻለሁ፤ አርባ ስድስት ጊዜ አምጥቻለሁ። ሁለቱ ቁጥሮች ተለያይተው አያውቁም።

ፍሬን የተባልኩት በሥራዬ ነው። ወሰን አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ፍሬን እሠራለሁ። ስቀጠር ለእጥበት ነበር፤ ፍሬን ማንም አላስተማረኝም። የተጣለ ፍሬን ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ ለብቻዬ የተማርኩት ነው። የመጀመሪያ ጨዋታዬ ላይ አንድ አጥቂ ሁሉንም አልፎ ሲመጣ የራሴ እግር ጠልፎኝ ፊቱ ተዘረጋሁ። ልጁ እንዳይረግጠኝ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባለሱቁ ጋሽ ሸምሱ ከዳር ሆኖ "አያችሁ? ፍሬን ያዘ" አለ። ጋሽ ሸምሱ በጨዋታ ቀን ሱቁን ዘግቶ የሚመጣ የደጋፊዎቻችን አለቃ ነው፤ እሱ ያወጣው ስም አይፋቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥቂ በመጣ ቁጥር ሁለት መቶ ሰው አንድ ላይ "ፍሬን ያዝ" ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጥራ። "ፍሬን ያዝ" ማለት፣ ሾፌር ሆይ አቁም ማለት ነው። "ፍሬን፣ ያዝ" ማለት ደግሞ፣ አንተ ፍሬን የምትባለው ልጅ፣ ያዘው ማለት ነው። ልዩነታቸው አንዲት ነጠላ ሰረዝ ናት። ሁለት መቶ ሰው ሲጮህ ነጠላ ሰረዝ አትሰማም። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ የደረሰብኝ ሁሉ የደረሰው በእሷ ምክንያት ነው።

ዘንድሮ አዲስ አሰልጣኝ መጣልን። መምህር ብርሃኑ ይባላሉ፤ መሪ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ የስፖርት አስተማሪ ናቸው። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ኮች ነው የምንላቸው። ከእኛ መካከል ማንንም በቅጽል ስሙ አይጠሩም። እኔን "የግራ ተመላላሽ" ይሉኛል። ኳስ ከኋላ ተመሥርቶ በቅብብል ወደ ፊት መሄድ አለበት ብለው ያምናሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ለብቻዬ ጠሩኝ።

"ኳስ ጓደኛህ ነው" አሉኝ።

"እሺ ኮች።"

"ጓደኛህን ገደል ትከተዋለህ?"

ሄጄ አመጣዋለሁ ልላቸው ፈልጌ ነበር። ግን የሚያስቡት ስለ መክተቱ እንጂ ስለ ማምጣቱ አልነበረም።

ከዋንጫው ጨዋታ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ደግሞ ቁርጡን ነገሩኝ። እንደ እሳቸው ከመሪ የመጣ ናታን የሚባል ልጅ አለ። ኳስ እግሩ ላይ ስታርፍ የምትተኛ ነው የሚመስለው። ቁርጭምጭሚቱን አሞት ስለነበር ለሙሉ ጨዋታ ገና አልደረሰም። ስለዚህ እኔ እጀምራለሁ፤ በመጨረሻው ሃያ ደቂቃ እሱ ይገባል። "ከዚያ ማሊያውን አጥበህ መልስ። ሦስት ቁጥርን ለናታን እሰጠዋለሁ" አሉኝ።

በክፋት አልነበረም። ትክክልም ነበሩ። እኔም አሰልጣኝ ብሆን ራሴን አላሰልፍም። ግን ስለ ሦስት ቁጥር አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሳምንቱን ሙሉ ከመኪና ሥር ነኝ። የወሰን ሰው እኔን የሚያውቀኝ በጫማዬ ነው፤ የቀረው ገላዬ መኪናው ሥር ነው። ሰው ከነፊቴ የሚያየኝ፣ በስም የሚጠራኝ በሳምንት አንድ ቀን፣ ያቺን ማሊያ ለብሼ ስወጣ ብቻ ነው። ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። ያቺ ማሊያ የምታወራልኝ ነገር ነበር።

የዋንጫው ጨዋታ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ተጀመረ። ተጋጣሚያችን የካ አባዶ ነው። አጥቂያቸው ደሬ ይባላል፤ ከመገናኛ የካ አባዶ ሚኒባስ የሚነዳ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ልጅ። እኛ ከዕረፍት በፊት አንድ አገባን። እኔም የላይኛው መስመር ላይ ስለነበርኩ በሰላም ተጫወትኩ።

ከዕረፍት በኋላ ወደ ታች ወረድኩ፤ ስድስት ጊዜ አውጥቼ ስድስት ጊዜ አመጣሁ። ሃያ ምናምን ደቂቃ እንደተጫወትን ናታን ከመስመሩ ዳር ሲያሟሙቅ አየሁት። ካልሲው ነጭ ነው። የቀረኝ አንድ ወይም ሁለት ኳስ እንደሆነ ገባኝና አንዱን እንኳ እንደ ሰው ልጫወተው ብዬ ወሰንኩ። ኳሱ መጣልኝ። ኮች "ተረጋጋ፣ ተቀበል፣ አቀብል" አሉ። ሦስት ትእዛዝ አንድ ላይ ሲመጣብኝ የምፈጽመው አራተኛውን ነው። ጠለዝኩት።

ኳሱ ወጣ፣ ወጣ፣ ትንሽ ቆየና ወረደ። የወረደውም ተሳፋሪ ሊያወርድ አስፋልቱ ዳር በቆመ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ፣ የዕቃ መጫኛው ብረት መካከል ነው። እንቁላል ጎጆው ውስጥ እንደሚቀመጥ ተቀመጠ። ዓላማ ይዤ መትቼው ቢሆን ኖሮ መቶ ዓመት ብሞክርም አልችለውም። ረዳቱ "አባዶ፣ አባዶ" ብሎ በሩን ዘጋ፤ ሚኒባሱ ተነሣ።

መለዋወጫ ኳስ አልነበረንም። የነበረን አንዱ መለዋወጫ በግማሽ ፍጻሜው ሽቦ አጥር ላይ ዐርፎ ተንፍሷል። ማን እንደመታው መናገር አያስፈልግም።

ደጋፊው በአንድ ድምፅ "ፍሬን ያዝ" አለ።

ኋላ እንደተረዳሁት ለሾፌሩ ነበር። የጋሽ ሸምሱ የአክስት ልጅ ሞተር ሳይክሉን አስነሥቶ ሊከተለው ሲል ነበር፤ ነገሩ በሦስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ነጠላ ሰረዟን ሰማሁ። ሮጥኩ። በታኬታ፣ አስፋልት ላይ፣ ሦስት ቁጥር ጀርባዬ ላይ ሆኖ፣ ወደ የካ አባዶ የሚሄድ ታክሲ ተከትዬ። ሞተረኛውን ለምን ቀድሞኝ እንዳልሄደ ኋላ ስጠይቀው "እንደዚያ ስትሮጥ እያየሁ እንዴት ብዬ ልለፍህ?" ነው ያለኝ።

ሳንባዬ እምቢ ሊል ሲል አንድ ባጃጅ አጠገቤ ፍጥነቱን ቀነሰ።

"ፍሬን አይደለህ?" አለ ሾፌሩ።

"ነኝ።"

"ዛሬ ዋንጫ አይደል እንዴ?"

"ነው።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ኳሱን እየተከተልኩ ነው።"

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ኳሱን ተከተል ሲባል እኮ እዚህ ድረስ አይደለም" አለና "ግባ" አለኝ።

መንገዱን ሙሉ ሲመክረኝ ሄደ። አጨዋወቴን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። በግንባሬ ስገጭ ዓይኔን እንደምጨፍን እንኳ ያውቃል፤ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሚኒባሱን የደረስንበት ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ነው። ለረዳቱ ጣሪያችሁ ላይ ኳስ አለ ብዬ ብነግረው አላመነኝም። ተንጠላጥሎ አየ፤ አመነ። ሲያምን ደግሞ ባለቤት ሆነ።

"ያንተ ለመሆኑ ማስረጃህ ምንድን ነው?" አለኝ።

የለበስኩትን ማሊያ አሳየሁት።

"ማሊያ የለበሰ ሁሉ ኳስ አለው ማለት ነው? ነገ አንዱ መጥቶ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ? መልኩን ተናገር።"

ዕድለኛ ሆኜ የጠየቀኝ የምችለውን ነው። "ነጭና ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊው ለቋል" አልኩ። "ከንፋስ መሙያው ቀዳዳ አጠገብ ስፌቱ ተተርትሮ ነበር፤ እኔ ነኝ የሰፋሁት። ክሩ አረንጓዴ ነው። ሰባት ጥልፍ አለው። አምስተኛው ጥልፍ ከሌሎቹ ሰፋ ይላል፤ እየሰፋሁ ስልክ ተደውሎልኝ ነው።"

ረዳቱ ኳሱን አውርዶ በመስኮት በኩል ለተቀመጡ አንዲት እናት ሰጣቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ፣ ቆጠሩ። "እውነትም አምስተኛው ሰፋ ይላል" አሉ። "ስጠው ልጁን። ይሄ ሌባ ሊሆን አይችልም፤ ሌባ እንዲህ አይቆጥርም።"

ኳሱን ታቅፌ ልሄድ ስል ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ስንት ለስንት እንደሆነ ጠየቀኝ።

"አንድ ለዜሮ።"

"ማን እየመራ?"

"እኛ።"

"እናንተ ማን ናችሁ?"

"ወሰን" አልኩ።

የታክሲው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የካ አባዶ የሚሄድ ታክሲ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት። ሴትየዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ባለባጃጁ ከኋላዬ "ግባ ቶሎ" አለኝ።

ስንመለስ መንገዱ ተዘጋግቷል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የከበደኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሜዳው ባዶ ሆኖ አይጠብቅም። ከአካባቢው ቤቶች ኳስ ይገኛል፤ ናታን በነጭ ካልሲው ይገባል፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ማሊያዬን ለብሼ የምጫወተው የመጨረሻው ጨዋታ ይህ ነበር፤ እሱንም ታክሲ ሳሳድድ ጨረስኩት። ኳሱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ስፌቱን ስነካካ ቆየሁ።

ስደርስ ከሜዳው ከወጣሁ አርባ አንድ ደቂቃ ሆኖ ነበር።

ሜዳው ላይ ሃያ አንድ ተጫዋች ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ዳኛው የፊሽካቸውን ገመድ ጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ ይፈታሉ። ደጋፊው ደግሞ በታችኛው መስመር ላይ፣ እኔ በምቆምበት ቦታ፣ ተደርድሮ ቁጭ ብሏል። በሰው ላይ ሳይረማመድ ማንም ወደ ሜዳው አይገባም።

የሆነውን ጋሽ ሸምሱ ነው የነገረኝ። እንደፈራሁት ኳስ ተገኝቶ ነበር። ኮች ናታንን ሊያስገቡ ተዘጋጅተው ነበር። ያን ጊዜ ጋሽ ሸምሱ ዳኛው ፊት ቆሞ፣ ያወጣ ያመጣል የሚለው ሕግ ላይ ዛሬ አንድ አንቀጽ እንደሚጨመር አስታወቀ፤ ያመጣ ይጫወታል። ሄዶ እያመጣ ያለን ሰው መቀየር አይቻልም። ኮች ይህ በየትኛውም ዓለም የሌለ ሕግ ነው አሉ። ጋሽ ሸምሱም እኛም በየትኛውም ዓለም የለንም፣ እዚሁ ነን አላቸውና መስመሩ ላይ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ አብሮት ተቀመጠ። ዳኛው የካ አባዶዎችን ቢጠይቁ ደሬ፣ ግድ የለም እንጠብቀው፣ ከነጭ ካልሲው ልጅ ይልቅ ፍሬን ይሻለናል አለ። ይህንንም ጋሽ ሸምሱ ሳይደብቅ ነገረኝ።

"ጋሽ ሸምሱ" አልኩት፣ "እንዳልችል ታውቃለህ እኮ።"

"ፍሬኔ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ያውቃል" አለኝ። "ናታን ቢስት እንናደዳለን። አንተ ስትስት ግን ቀጥሎ ምን እንደምታደርግ እናውቃለን። ሰው የሚቀመጠው ያንን ለማየት ነው። በል ግባ።"

ገባሁ። ኮች ሰዓታቸውን አዩ።

የቀረው ጊዜ ለእኛ አንድ ዓመት ነበር። የካ አባዶዎች አርፈው ተነሥተው ወረዱብን። ዳኛው የባከነ ሰዓት ሲያሳዩ ደሬ ከመሃል ሜዳ ተነሣ። አንዱን አለፈ፤ ሁለተኛውን በትከሻው ገፍቶ አለፈ። ከእሱና ከበረኛችን መካከል የቀረሁት እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ ተነሥቶ በአንድ ጉሮሮ ጮኸ።

"ፍሬን ያዝ!"

እኔ ከነጠላ ሰረዟ ጋር ሰማሁት። ደሬ ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ጭኖ የሚነዳ ሾፌር ነው፤ ያለ ነጠላ ሰረዝ ሰማው። ቀኝ እግሩ በራሱ ጊዜ መሬቱን ተጫነ። ስለ ሌላ ነገር አላውቅም፤ ፍሬን የሚረግጥ እግር ግን አውቃለሁ። ተረከዙ ተተከለ፣ ጣቶቹ ወደ ታች ተጫኑ፤ ፔዳሉ ብቻ ነበር የጎደለው። ኳሱ አልቆመም፤ ግማሽ ሜትር ቀደመው። ያቺ ግማሽ ሜትር በሕይወቴ ካገኘሁት ቦታ ሁሉ ሰፊዋ ነበረች። ዓይኔን ጨፍኜ ጠለዝኩ።

ስገልጥ ኳሱ አስፋልቱን ተሻግሮ ወደ ገደሉ ሲገባ አየሁ። ሄድኩ።

ስለዚህ ጨዋታው ሲያልቅ ሜዳ ላይ አልነበርኩም። ከገደሉ ሥር፣ ወንዙ ዳር፣ ሁለት ድንጋይ መካከል የተቀረቀረ ኳስ እያላቀቅኩ ነበር። ፊሽካ ሦስት ጊዜ ሲነፋ ሰማሁ። ከዚያ የሰው ጩኸት ከላይ መጥቶ ገደሉን ሞላው። እዚያ ሆኖ ማን እንደሚጮህ አይለይም፤ ሁሉም የሚያውቀኝ ሰው እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ኳሱን በወንዙ ውሃ አጠብኩ። ጭቃ ይዤ ዋንጫ ፊት መቅረብ አልፈለግሁም።

ሽቅብ መውጣት ጊዜ ይወስዳል። ስደርስ ዋንጫው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ማንም አልነካውም። አምበላችን እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። ጋሽ ሸምሱ ወደ እኔ መጣና "አመጣህ?" አለኝ።

"አመጣሁ" አልኩ።

ያን ጊዜ ነው ዋንጫው የተነሣው። ማታ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ አምሳ አራት ወጣ፣ አምሳ አራት መጣ።

ሰኞ ከሥራ በኋላ ማሊያውን ይዤ ወደ ልምምድ ሄድኩ። የተነገረኝን አልረሳሁም። ሁለት ጊዜ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ቁጥሩ ከላይ እንዲሆን አጥፌ በወረቀት ከረጢት አድርጌዋለሁ። ኮች ተቀብለው ዘረጉት። ደረቱ አካባቢ ያለውን ጥቁር ነገር በአውራ ጣታቸው ፈተጉ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የፍሬን ዘይት ነው ኮች። ከጋራዥ በቀጥታ የመጣሁ ቀን ነው። ሁለት ጊዜ አጠብኩት።"

"አይለቅም?"

"አይለቅም።"

ወደ ሜዳው አዩ። ናታን መሃል ላይ ኳስ ያንጠባጥባል። ጋሽ ሸምሱ ሱቁን ገና በጊዜ ዘግቶ፣ መስመሩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወደ እኛ እያየ ነው። ኮች ማሊያውን መልሰው አጠፉት፤ እኔ እንዳጠፍኩት ሳይሆን እንደነገሩ። ጥቂት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ዞር ብለው ወረወሩልኝ።

"ፍሬን" አሉ። ቆም አሉ። "ያዝ።"

ነጠላ ሰረዟ እንደዚያ ቀን ጥርት ብላ ተሰምታ አታውቅም። ያዝኩት።